አፍንጫህ ላይ የተውኩት አቧራ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ያለው፣ መተማ

ሰላምታዬ በሰሊጥህ ፍሬ ልክ ይቆጠርልህ። እኔ ከነምላሴ ደህና ነኝ። ይህን ግን ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ከባድ መርዶ ነው። አፍንጫህ ተዋርዷል።

ሞጣ ፎቶ ቤት ተቀጥሬልሃለሁ። «ስምንተኛን ሁለቴ የወደቀች ኮምፒውተር ትነካለች?» እንዳትል። ከቢቸናው ቤታችን ግድግዳ ያንን አባባ ሳይሞት የተነሣነውን ፎቶ አውርጄ፣ ስካን አድርጌ በትልቁ አወጣሁት። አቧራውን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ከሁሉም ፊት አጠፋሁ፤ ካንተ በቀር። በሰፈሩ ሁሉ ፊት «አቧራ! ነይ እስቲ አቧራ!» እያልክ ስትጠራኝ አልነበር? እኔም አፍንጫህ ጫፍ ላይ ሽንብራ የምታህል አቧራ ተውኩልህ። ደም መላሽ ነኝ!

እማዬ እንድትስቅብህ ብዬ ቢቸና ድረስ ወሰድኩላት። ደጅ ወጥታ፣ ፀሐይ ላይ ይዛ አየችው። አልሳቀችም። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ደግማ ጠረገችው።

«አቧራው መቼ ለቀቀና ነው?» አለችኝ።

«ኧረ ጸድቷል እማዬ!»

«ታዲያ ወንድምሽ ያለው የትኛው ነው?»

የቀለደችብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ብቻዬን ሳቅሁ።

በል ለፋሲካ ና። ሰሊጡ ይደርሳል፤ አንተ ቀድመህ ድረስ። እማዬ አፍንጫህን በእጇ ዳስሳ ትፍረደን።

እንዳትደነግጥ ደግሞ፤ መርዶ ያልኩህ ያችን አንዲት ነጥብ ነው፣ ጉዳዩ ይህን ያህልም አይደለም። ስትመጣ አጠፋልሃለሁ።

በደህና ያገናኘን።

እህትህ ወይንእሸት፣
አቧራዋ