ከአጎቴ ቤት በላይ ያለው ውሃ

ሰኞ

ስክሪኑ ላይ ውሃው ዛሬም ዘይት መሰለ። ግልጽነቱን ስጨምር ብርጭቆ፣ ስቀንስ ዘይት። ሞገዱን ትንሽ ከፍ ባደርገው ይባስ ብሎ ባሕር ሆኖ አረፈው፤ ተራራማው ደዶ ላይ ባሕር። ከሥሩ ያለችው የአጎቴ ቤት የክብሪት ቀፎ አከለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት የኔ ቀን ነው።

እስካሁን የሠራሁት ውሃ የሆቴል መዋኛ ብቻ ነው። ሕንጻ ያሰበ ሰው ሳይጀምረው በኮምፒውተር እንዲያየው እሥልለታለሁ፣ መዋኛውን ሰማያዊ አድርጌ እሞላለታለሁ፣ ደስ ይለዋል። ይህ ውሃ ወዴት ይፈስሳል ብሎ የጠየቀኝ የለም። አጎቴ ጀማል ግን ጠየቁኝ።

ደዶ፣ ከቤታቸው በላይ ካለው ዳገት ላይ፣ አንድ ባለሀብት ለቡና ማጠቢያ የሚሆን ኩሬ አስቆፍሯል። ግድቡ አፈር ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ይሞላል። አጎቴ ግድቡ አይችልም፣ ቤቴን ይወስደዋል ይላሉ። ባለሀብቱ ይችላል ይላል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሎች ይቀመጣሉ።

"በኮምፒውተር ሠርተሽ አሳያቸው። ሰው ይዋሻል፣ ኮምፒውተር አይዋሽም" አሉኝ በስልክ። እምቢ እንዳልል እናቴ አጠገቤ ቆማለች። ወንድሟ ናቸው።

ማክሰኞ

ልኬት ላኩልኝ ብዬ ነበር። የደዶው ሚኒባስ ሾፌር ገመድ አስረከበኝ። ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ረጅም ገመድ። ደወልኩ።

"የመጀመሪያው ቋጠሮ የግድቡ ቁመት ነው፣ ከዚያ ወርዱ፣ ከዚያ እስከ ቤቴ በር ድረስ" አሉ።

"መጀመሪያው የቱ ጫፍ ነው?"

"ጭቃ የነካው" አሉ። ሁለቱም ጫፍ ጭቃ ነው።

ገመዱን ሳሎን ዘርግቼ በእናቴ የስፌት ሜትር ለካሁት። አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ገመድ አይናገርም። ፕሮግራሙም አይጠይቅም። እሱ የሚጠይቀኝ የንፋስ ፍጥነትና የአረፋ መጠን ነው። አረፋውን ዜሮ አልኩት። ዛሬ እርግጠኛ ሆኜ የሞላሁት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ

የፕሮግራሙን የባሕር ሞገድ ትቼ፣ በራሱ በሚፈስሰው ውሃ ጀመርኩ። ኮምፒውተሬ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። መብራት ጠፋ፣ እንደገና። አሁንም ጠፋ፣ እንደገና። አመሻሽ ላይ አለቀና ከፈትኩት። ውሃው ኩሬውን ሞላ፣ ከዚያ ግድቡን በላዩ ሳይሆን በውስጡ አልፎ፣ ቁልቁል ወርዶ የአጎቴ ቤት ገባ።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ግድቡን ስሥለው ውፍረት አልሰጠሁትም። ለዓይን ግድብ ነው፣ ለውሃው ግን እንደሌለ ነው። ጥፋቱ የኔ እንጂ የአፈሩ አይደለም።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አጎቴ "ማሎ፣ እባክሽ፣ የደረሰበትን ላኪልኝ" ሲሉ ስለዋሉ "ገና ነው፣ ስሕተት አለበት" ብዬ ጽፌ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የጻፍኩትን ማን ያነበዋል።

ሐሙስ

ቪዲዮው ደዶን አዳርሷል። አጎቴ ሲደውሉ ድምፃቸው ከሠርግ ቤት የሚመጣ ይመስል ነበር።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አላልኩም? ሁሉም አየው እኮ!"

"አጎቴ፣ እሱ ስሕተት ነው። ግድቡን ቀጭን አድርጌው ነው።"

"ቀጭን ነዋ። እኔስ ምን አልኩ?"

ውፍረት ሰጥቼ እንደገና ሠራሁት። አንዲት ጠብታ አላለፈችም። ይሄም ያው ነው። ውፍረቱን የሰጠሁት እኔ፣ እንዳይናድ ያደረግኩት እኔ። ፕሮግራሙ አፈር ርሶ እንደሚሰነጠቅ አያውቅም። ቀጭን ስለው ያሳልፋል፣ ወፍራም ስለው ይይዛል፤ የሚታዘዘው ለኔ ነው፣ እኔ ደግሞ አላውቅም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወላሂ፣ በኮምፒውተር ውሃ።

ለእናቴ ነገርኳት። "የመጀመሪያውን አሳዪና ዝም በይ" አለች። "ከግድቡ ሥር የሚተኛው ወንድሜ ነው።"

ዓርብ

ደዶ ሄጄ መጣሁ። ሽማግሎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፤ ፀሐይዋ ስክሪኑን አጠፋችውና በጋቢ ከልለው በየተራ እያጎነበሱ አዩ። ሁለቱንም ቪዲዮ አሳየሁ። ከዚያ የሁለቱም ውሃ የኔ ፈጠራ መሆኑን ተናገርኩ።

በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ፣ "ታዲያ ልጄ፣ ግድቡ ይይዛል ወይስ አይይዝም?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ አባቴ።"

"ኮምፒውተሩስ?"

"እሱም አያውቅም።"

ባለሀብቱ ሳቀ። ሽማግሎቹ ብዙ ተነጋገሩ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ያለ ማስረጃ የሰው ሥራ ማስቆም አይቻልም አሉ። ኩሬው ይሙላ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል። ሲያልፍ።

አጎቴ ሚኒባስ ድረስ ሸኙኝ፣ ማር በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እውነት ተናግሬ እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ

እናቴ አታናግረኝም። ምሳ ታቀርብና ዞር ትላለች። ፋይሉን ላጠፋው ፈለግኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። የአንድ ሆቴል መዋኛ ይጠብቀኛል፤ ሰማያዊ አድርጊው ብለዋል።

እሁድ

ከረፋዱ ጀምሮ ሰፈራችን ቦሳ ኪቶ ላይ ሰማዩ የተቀደደ ያህል ይዘንባል። በደዶ በኩል ጥቁር ነው። ደወልኩ።

"እዚህስ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ይዘንባል" አሉ አጎቴ። "ኩሬው ወደ አፉ ተቃርቧል።"

"አክስቴንና ልጆቹን ይዘው ማዶ ወደ መስጊዱ ይሻገሩ።"

"የልጅ ልጅ ታቅፌ በዚህ ዝናብ የት እሄዳለሁ? አላህ ያውቃል።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ኢንተላ ኮ፣ እስቲ ያንን ነገር ክፈቺና እይልኝ። ውሃው ይመጣል?"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኮምፒውተሩ አያውቅም ብዬ። እሳቸውም እዚያው ተቀምጠው ሰምተውኝ። ልደግምላቸው አፌን ከፈትኩ። መብራት የለም፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ጥቁር ስክሪኑ ላይ የማየው የራሴን ፊት ነው።

"እያየሁት ነው" አልኳቸው። "ይመጣል፣ አጎቴ። ግድቡን አልፎ ቤት ይገባል። አሁኑኑ ውጡ።"

"እሺ፣ ቶሌ" አሉ። አክስቴን ሲጠሩ ሰማሁ፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ በር ሲዘጋ። መስመሩ ተቋረጠ።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። "እውነት ይመጣል?" አለችኝ።

"አላውቅም፣ እማ።"

አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች። ዝናቡ አላባራም።