በጎረቤት ግድግዳ ምክንያት ከሥራ የተሰናበቱት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከመምህርት እናታቸው ኅዳር 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። አዋላጇ እንዲህ ያለ ጩኸት በዕድሜዋ ሰምታ እንደማታውቅ መናገሯን አያታችን ደጋግመው ያወሱ ነበር።

ትምህርታቸውን የተከታተሉት እናታቸው በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው። በገዛ እናታቸው ክፍል ሁለት ጊዜ ተንበርክከዋል፤ ይህንንም እንደ ሽልማት ያወሩት ነበር። በ1970 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ተመርቀው በአንድ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ተቀጠሩ፤ ከሳይት መሐንዲስነት ተነስተውም በ1984 ዓ.ም. ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሠራተኛው ያወጣላቸው ስም «ነጎድጓዱ» ነው። ጠዋት የጮኹበትን ሰው ፈልገው ይቅርታ ካልጠየቁ ምሳ አይወርድላቸውም። ፎርማኖቹ ይህን ስለሚያውቁ፣ ፈቃድ የፈለገ ሁሉ ጠዋት ሆን ብሎ ያናድዳቸው ነበር አሉ።

ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጅ ድምፃቸው የማይሰማ፣ እጅግ ጨዋ ሰው ነበሩ። ድርጅቱ ባለ ሃያ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ሲጀምር፣ የመሠረት ምሰሶ እየቀጠቀጠ መሬት ውስጥ የሚያስገባው ማሽን ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩትን የአርባ ሦስት አባወራዎች ግድግዳ ይሰነጥቅ ጀመር። ነዋሪዎቹ አቤት ባሉ ቁጥር እኚህ ጨዋ ሰው በሚያምር ቋንቋ መልስ ይጽፋሉ፤ ሰፈሩን ግን አንድም ቀን ረግጠውት አያውቁም።

አባታችን በተሾሙ በሳምንቱ፣ ከነዋሪዎቹ አንዷ የሆኑት ልብስ ሰፊ ከግድግዳቸው የወደቀ ልስን በፌስታል ሞልተው ቢሮ ገቡ። አባታችን ሰው ሁሉ እያየ ጮኹባቸው። ልብስ ሰፊዋም ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው፣ «ቤቴን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማመጣልዎት፣ አንዴ መጥተው ይውሰዱት!» ብለው ወጡ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ የታወቀው ሆነ። አባታችን ይቅርታ ሊጠይቁ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደው፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ ማሽኑ መታ፤ ልስኑ አናታቸው ላይ ወረደ። ዱቄት የተደፋባቸው መስለው ሮጠው ወጡና ማሽኑን አስቆሙ። በማግስቱም ምሰሶ መቀጥቀጡ ቀርቶ መሬቱ ተቆፍሮ ኮንክሪት እንዲሞላ፣ የተሰነጠቀውም ቤት ሁሉ እንዲጠገን አዘዙ።

ሥራው ሰባት ወር ዘገየ። የድርጅቱ ቦርድ ሰብሳቢ፣ «ወይ ማሽኑን ይመልሱ፣ ወይ ቦታውን ይልቀቁ» አሏቸው። አባታችን ያን ሰሞን መጮኽ እንኳ ተዉ። ነፍሳቸውን የሚሰጡለት ሥራ ነበርና ጭንቅ ሆነባቸው። ሆኖም ሰብሳቢውን ዛሬ ነገ እያሉ በቀጠሮ ሲያመላልሱ ቆዩና፣ የመሠረቱ ሥራ ባለቀ ማግስት የስንብት ደብዳቤያቸውን ተቀበሉ። አንድም ቤት አልፈረሰም። እሰይ የኛ አባት!

በ1986 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋን አገቡ፤ እናታችን ናቸው። በዚያው ሰፈር የቤት እድሳት ሥራ ከፍተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አሳደጉ። አባታችን በተቆጡ ቁጥር እናታችን «ማሽኑ ተነሣ፣ ዕቃ ያዙ!» ይሉ ነበር፤ ቤቱም በሳቅ ይሞላ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የልብ ሕመም አደረባቸው። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ያሰናበቷቸው ሰብሳቢ ሊጠይቋቸው መጡ። አባታችን ነርሶቹ እየሮጡ እስኪመጡ ድረስ ጮኹባቸው። እንግዳውም እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ፣ «ልክ የነበሩት እርስዎ ናቸው፤ እኔ ፈርቼ ነው» ብለው አለቀሱ። አባታችን እጃቸውን ያዙና ሳቁ፤ ምሳም አብረው በሉ።

አባታችን ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አርባ ሦስት የጎረቤት ቤተሰብ ትተው አልፈዋል። ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት መካከል ከፊት በስተቀኝ ያሉት ሰብሳቢው ናቸው፤ እናታችንን አስፈቅደው ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በማይናወጥ ቤት ያኑርልን።