ሞራው የተነሣ ሰሞን

ሰኞ

ፋሻው ተነሣ! ሐኪሟ «ቀስ ብለው ይግለጡ ጋሼ» አለችኝ፤ ማን ይሰማታል። መጀመሪያ ያየሁት የግድግዳውን ስንጥቅ ነው። ቀጥሎ የባለቤቴን የጥሩነሽን ፊት። ስንትና ስንት ጊዜ በጭጋግ ውስጥ ሳየው የኖርኩት ፊት ጥርት ብሎ መጣ፤ ዐይኖቿ ሥር ያሉት መስመሮች ሳይቀሩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሐኪሟ ጠብታው ታጥቦ ይወጣል ብላ ተቆጣችኝ። የግራው ዓይኔ ሞራ ገና ተራውን ይጠብቃል። ይጠብቅ፣ የቀኙ ይበቃኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ ታፔላ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጎማ ቤት። ሥጋ ቤት። የሚከራይ ክፍል። ባጃጁ ደግሞ እንዴት ያለ ሰማያዊ ነው! ሾፌሩ «ፋዘር፣ ዛሬ ነው እንዴ አዲስ አበባ የገቡት?» አለኝ። ዛሬ ነው ልጄ አልኩት።

ማክሰኞ

ምነው ሳሎን ባልተቀመጥኩ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ አንድ ነው፤ ከገላን ኮንዶሚኒየም ጀርባ እስከ ወንዙ ድረስ በእግሬ እየዞርኩ በቀለም እርሳስ መሣል። ጥሩነሽ ሥዕሎቹን ፍሬም እያስገባች ግድግዳውን ሞልታዋለች። ዛሬ በአዲሱ ዓይኔ አየኋቸው። ሰማዩ አረንጓዴ ነው። የሁሉም! አህዮቹ ሐምራዊ ናቸው፣ እንደ ቀይ ሽንኩርት። ዕድሜ ልኬን ጂኦግራፊ ሳስተምር «ባሕሩን ሰማያዊ ቀቡ» እያልኩ የሰው ልጅ ያስለቀስኩ ሰውዬ፣ ለካ እርሳሶቼን አላውቃቸውም ነበር።

«አላየሽውም?» አልኳት።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሰቀልኩት» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ረቡዕ

ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ለካ ከስኳሩ ጆንያ በላይ የኔን አህዮች ሰቅሏቸዋል፤ እኔው ነኝ የሰጠሁት።

«ሸምሱ፣ አህያ ሐምራዊ ነው?»

«ጋሽ ታደሰ፣ እኔ የስልጤ ገበሬ ልጅ ነኝ። አህያ ይጠፋኛል?»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«ታላቅ ሰው ፊት ቆሞ ተሳስተዋል ይባላል እንዴ? ነውር ነው እኮ።»

አውርደው አልኩት። አላወርድም፣ ከሰጡኝ የኔ ነው አለ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ጎረቤቱ፣ ጥበቃው፣ ዕድርተኛው ሁሉ «እጅዎ ይባረክ» እያለ ያሳልፈኝ ነበር። ይሉኝታችን አንድ ቀን ይገድለናል።

እርሳሶቹን በፌስታል ቋጥሬ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወርኳቸው። ከእንግዲህ አልሥልም። ጥሩነሽንም አኮረፍኳት። ከሁሉም የከፋኝ የሷ ነው፤ ሌላው ሰው ሰው ነው።

ሐሙስ

ጥሩነሽ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ቆመች። «ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው። ተነሥ፣ ሙዚየም ትወስደኛለህ።» ኩርፊያዬን እንደያዝኩ ተነሣሁ። ሳሪስ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ታክሲ ቀይረን።

ውስጡ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ከጥንታዊዎቹ ሥዕሎች አንዱ ፊት ቆምን። ቅዱሱ የተቀመጠበት ፈረስ ቀይ ነው፤ ዳማ ማለቴ አይደለም፣ በርበሬ! ጥሩነሽ ጠጋ ብላ አየችውና «ይኼን የሣለውም ሰውዬ ሞራ ነበረበት?» አለች። ጥበቃው ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። እኔም አልቻልኩም፣ በሳቅ ፈነዳሁ። ያኛው ሰውዬ እያወቀ ነው የቀባው፣ እኔ ሳላውቅ ነው አልኳት።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሳልጠይቃት ተናገረች። «ዓይንህ ሲደክም መጀመሪያ መጽሐፍ ተውክ። ቀጥሎ ሰው ማየት ተውክ። አልጋ ላይ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ትውል ነበር። ከቤት የሚያስወጣህ እርሳስህ ብቻ ነበር። ሰማዩ አረንጓዴ ነው ብልህ የት ትሄድልኝ ነበር?»

እጇን ያዝኩ። ረዳቱ «ሒሳብ» እስኪለን ድረስ አልለቀቅኳትም። እኔ ያዋረደችኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አልጋ ላይ እንዳልቀር ይዛኝ ኖሯል። እግዚአብሔር ይስጣት።

ስንወርድ «ከአሁን በኋላ ግን እውነቱን ትነግሪኛለሽ» አልኳት። «እስቲ» አለች። እስቲዋን አላመንኩትም።

ዓርብ

ወንዝ ወረድን፣ ሁለታችንም። የአቃቂን ውኃስ ባላየሁት ይሻል ነበር፤ ያ ሁሉ ፌስታል! ግን የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ሰማያዊ እንዳለበት የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? አንዷን ቀንጥሼ ከሰማዩ ጋር አስተያየኋት። ማዶ የጤፍ አጫጆች ጎንበስ ቀና ይላሉ። ከረግረጉ ላይ እግረ ረጃጅም ወፎች ተነሡ፤ ስማቸውን አላውቅም፣ የክንፋቸው ጫፍ ግን ጥቁር ነው። ጥቁር መሆኑን አይቻለሁ።

አልሣልኩም። ፈራሁ። ማታ ግን ፌስታሉን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ።

ቅዳሜ

ጥሩነሽን ሣልኳት። በረንዳ ላይ ምስር ስትለቅም፣ በተራ እርሳስ፣ ያለ ቀለም። ስጨርስ አቀበልኳት። እሷ ካሞገሰችኝ መሣሉ እንደሚያበቃ አውቄዋለሁ፤ ምክንያቱም ዳግመኛ አላምናትም።

ብዙ አየችው። «ጥ…» ብላ ጀመረችና ዋጠችው። ቀና ብላ አየችኝ።

«አፍንጫዬን ደፍጥጠኸዋል» አለች።

አጠፋሁት። ደግሜ ሣልኩ።

«አሁን ደግሞ ልጅ አደረግከኝ። የማን ልጅ ናት ይቺ?»

አጠፋሁ። በሦስተኛው አንገቷን የዶሮ አደረግሁት፣ በሚቀጥለው ሥዕል ላይ ፊቷ የተቆጣ ሆኖ ወጣ። «ተቆጥተሽ ነበራ!» «አልተቆጣሁም፣ ፀሐይ ነው ያኮሳተረኝ!» ጎረቤት የተጣላን መስሎት በመስኮት ብቅ አለ። ይኸን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ፊት ለፊት ተነጋግረን አናውቅም። ደስታዬን የት ላድርሰው?

ምስሩ ሳይቀቀል መሸ። ላጲሴ አልቋል፤ ወረቀቱም አፍንጫዋ ጋ ሳስቶ ተበስቷል። እስከ አሁን ጥሩ ነው አላለችኝም። ተመስገን።