ጊታሩን እንዳትከፍተው

ወንድም ጋሼ፣

ጊታሩን እንዳትከፍተው! ስትሠራው ምንም አላጠፋህም።

አልበሙን ስትቀዱ የምትሰማት «ዝዝዝ» የምትመጣው ከኔ ክፍል ነው። ወፍራሙ ክር በተመታ ቁጥር ቁም ሳጥኔ ላይ ያለው የአዝራር ቆርቆሮ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል።
ከማክሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ።

«ባንዱ እዚህ እስካለ ትንፍሽ እንዳትዪ» ያልከኝ ራስህ ነህ። ይኸው፣ ትንፍሽ አላልኩም።

ያቺን «ዝዝዝ» ፍለጋ የባንዱን ማንዶሊን ስትፈታታው ግን ዝም ማለት አልነበረብኝም። ያን ቀን እራት አልበላሁም።
አላየህም።

ቆርቆሮውን ይዤ አክስታችን ጋ ሄጃለሁ። እንደገና ቅዱት። አሁንም ዝዝ ካለ፣ ያኔ የእጅህ ነው።

ሌላ፣ ድምፃዊው ትናንት «ጊታሩ ምን ያድርግ፣ ሠሪው ነው እንጂ!» ሲል ሰማሁት። እኛ ቤት የሚያስቀምጠው ነጠላ ጫማ ከወለሉ አልነሳ ካለው አትጨነቅ። ሙጫህ ያለቀው እዚያ ነው።