ካርዱ ላይ «በሰላም» ይላል

ጥቅምት 4፣ ጠዋት 1፡00
ደብተሬ፣ ዛሬም ሃያ ቁጭ ብድግ። የአልጋውን ራስጌ ይዤ። ከዚያ ማጥበቅ፣ እስከ አስር መቁጠር፣ መልቀቅ። ሽንት እንደመያዝ ነው ብላኛለች የጤና ጣቢያዋ ሲ/ር (ሲስተር)። እኔ ሽንት መያዝ ካቃተኝ አራት ዓመቴ፤ አልነገርኳትም። ሳል ሲመጣብኝ እግሬን አጣምሬ እቆማለሁ። ሶልያናን ከወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ባሌ ደረጀ እንኳ አያውቅም። አሁን ሁለተኛ ልጅ አርግዤ ሰባተኛ ወር ውስጥ ገብቻለሁ።

ጥቅምት 9
ከካዛንቺስ፣ ከቢሮ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር እስከ ቤቴ በእግር ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። መራመድ ለምጥ ጥሩ ነው ይባላል። ግማሽ ላይ ወገቤ እምቢ አለ፣ ታክሲ ያዝኩ። እማማ አስካለ፣ የደረጀ እናት፣ ተልባ በጥብጠው ጠበቁኝ። ተልባ የጠጣች ልጇ ሙልጭ ብሎ ይወጣል ይላሉ። ጠጣሁ፣ አንገሸገሸኝ። ሁለተኛ ልጅ መንገዱን ያውቃል አሉኝ። መንገዱን እኔም አውቀዋለሁ፣ ችግሩ እሱ ነው።

ጥቅምት 16፣ ከሰዓት
ክትትል፣ ጤ/ጣቢያ። እማማ አብረውኝ ገቡ። ሲ/ር የመጀመሪያው ወሊድ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀች። አፌን ሳልከፍት እማማ «በሰላም ነው፣ ማርያም ማረቻት» አሉ። ጉልበቴንም ያዝ አደረጉኝ። ሲ/ር ካርዱ ላይ ጻፈች፦ በሰላም። እንግዲያው እዚሁ ትወልጃለሽ፣ ሆስፒታል መላክ አያስፈልግም አለች። እዚህ ደም ቢፈሰኝ የሚሰጠኝ ደም የለም። አመስግኜ ወጣሁ። በጣም ተናድጃለሁ። በእሳቸው ሳይሆን በራሴ።

ሶልያናን ስወልድ ደረጀ ለሥራ ክ/ሀገር ነበር፣ ሆስፒታል አጠገቤ የነበሩት እማማ ናቸው። ሐኪሞቹ ልጅቷን በመሣሪያ ጎትተው አወጧት። ተቀደድኩ። ደሙ አልቆም አለ፣ ራሴን ሳትኩ፣ ሁለት ከረጢት ደም ሰጡኝ። ቤት ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ ገንፎ ሊቀምስ መጣ። እንዴት ነበር ሲሉኝ ማርያም ማረችኝ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ደረጀም ሲመለስ የሰማው ይህንኑ ነው።

ጥቅምት 18
እማማን ለምን እንደዚያ አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ነፍሰ ጡር ፊት ክፉ ወሊድ አይነሳም፣ ሟርት ነው አሉ። አልተቆጡም። ያን ቀን የለበሱት ቀሚስ ደሜ አልለቅ ብሎት እንደጣሉት ነገሩኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ፈርተዋል። እኔም። ተልባዬን ጠጣሁ።

ጥቅምት 21
ሶልያና ከጎኔ ቁጭ ብድግ እሠራለሁ ብላ በቂጧ ተቀመጠች። ሳቅኩ። ሽንቴ አመለጠኝ። ደረጀ በሩ ላይ ነበር፣ ውሃ ደፋሽ እንዴ አለኝ። በቃ፣ ነገርኩት። ስፌቱን፣ ደሙን፣ አራት ዓመት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ የምይዘውን ቅያሪ ፓንት። ለምን ደበቅሽኝ አለ። አለቀስኩ። መወልወያ አምጥቶ ወለሉን ወለወለ።

ጥቅምት 22፣ ጠዋት 12፡40
ቁጭ ብድግ የለም ዛሬ። 2፡30 ጤ/ጣቢያ እንሄዳለን፣ ደረጀ ከሥራ ፈቃድ ጠይቋል። እማማ ከሶልያና ጋር ቤት ይቀራሉ። እውነቱን ልናገር እንደምሄድ ስነግራቸው ፊታቸውን አዙረው አማተቡ። ሲ/ር ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም ብላ ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ። ካርዱን ታርመው፣ ደም ወዳለበት ሆስፒታል ትላከኝ። እንዴት ነበር ብላ ከጠየቀችኝ ማርያም ማረችኝ እላለሁ፣ እውነት ነውና። ማርያም ስትምረኝ ምን ሆኜ እንደነበርም እነግራታለሁ።