ስለ እባቡ አዲስ ስምና ስለ ወንድሜ ቀኝ እጅ

የእንስሳትን ሳይንሳዊ ስም ከጥናታዊ ጽሑፎች ጋር ለሚያገናኘው ድረ ገጽ የበላይ ኃላፊዎች

እጅግ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሙሉ ጤና፣ በተለይም የሁለቱን እጆቻችሁን ደኅንነት፣ ከልብ እመኝላችኋለሁ።

እኔ የአንድ ልብስ ሰፊ ታላቅ እህት ነኝ። ወንድሜ ከሱቁ ጓዳ የጨርቅ ጥቅል ሲያነሳ እባብ ቀኝ እጁን ነደፈው። እባቡን ገድሎ በባልዲ ይዞት ሐኪም ቤት ሄደ፤ አንድ የእባብ ተመራማሪም ሐኪሙ የላከላቸውን ፎቶ አይተው ትክክለኛውን ስም ለሐኪሙ ላኩለት። ሐኪሙ ስሙን ድረ ገጻችሁ ላይ ቢፈልግ፣ ስለዚህ ዝርያ የተጻፈ ምንም ጽሑፍ እንደሌለ ነገራችሁት። ያልተጻፈለት እባብ መርዝም ባይኖረው ነው ብሎ ቁስሉን አጥቦ ወደ ቤቱ ሸኘው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ነው ያደግነው፤ ሊቃውንቱ መልአኩን አሳርፈው ለእባቡ በአሮጌው ፈንታ አዲስ ስም ሲያወጡለት፣ እናንተ ሳትዘገዩ ስለመዘገባችሁት አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ መርዙ ሥጋ እንደሚያበሰብስ የሚናገሩትን ጽሑፎች ሁሉ በአሮጌው ስም ሥር፣ የማንም እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ በጥንቃቄ ስላቆያችሁልን። ሐኪሙ ፈልጎ ሲያገኛቸው የወንድሜ እጅ ጠቁሮ ነበር፤ ከአንጓው ላይ ቆረጡት። ነገሩን ለወንድሜ ሳስረዳው፣ «እህቴ፣ እባቡ ስሙን ሲቀይር መርዙን የት ጥሎት የመጣ መስሏቸው ነው?» አለኝ። መልሱን ከእናንተ እንደማመጣለት ቃል ገብቼለታለሁ።

ሦስተኛ፣ ቀደም ሲል ለጻፍሁላችሁ አቤቱታ ስለሰጣችሁኝ ትሕትና የተሞላበት መልስ። ስሙ ትክክል መሆኑን አረጋግጣችሁልኛል፤ ስለ ንድፊያው የታተመ ጥናት ካለኝም እንድልክላችሁ ጋብዛችሁኛል። እኔ ያለኝ በግራ እጁ መቀስ መያዝ የሚለማመድ ወንድም ብቻ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የልብስ መለኪያው ሜትር ከጠረጴዛ ሲወድቅ እንኳ ይደነግጣል። እኔም ፈርቻለሁ፤ የዚህ እባብ ዘር አላለቀም፣ ነገ ሌላ ሐኪም ያንኑ ስም ይፈልጋል።

ውድ ጊዜያችሁን ከስሞቹ ላይ ስለተሻማሁባችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የወንድሜንም ድርሻ ጨምሬ፣ የማያልቅ አክብሮቴን በሁለት እጄ አቀርባለሁ።

የልብስ ሰፊው እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐኪሙ የወንድሜን እጅ ታሪክ በእባቡ አዲስ ስም ጽፎ በሕክምና መጽሔት አሳተመው፤ ለእናንተም ላከላችሁ። ዛሬ ጠዋት ድረ ገጻችሁን ከፍቼ ጽሑፉን አገኘሁት። ያስገባችሁት በአሮጌው ስም ሥር ነው።