«ዝቅተኛ ስጋት» ተብሎ ስለተመዘገበው ቤቴ

ይድረስ ለተከበሩ የመስኖ ግንባታ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በደረቅ ክፍል ውስጥ ሆነው እንዲያነቡት ምኞቴ ነው። እኔ ከዋናው ቦይ ግርጌ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ቀደም ሲል የላክኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ሥራዎን እንዳያስተጓጉሉ በጥንቃቄ መቀመጣቸውን ስለተረዳሁ፣ አራተኛውን በአደባባይ ላቀርብ ተገድጃለሁ። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የቦዩ ግንብ መሰንጠቁን ባመለከትሁ በአምስተኛው ወር መሐንዲስ «በአስቸኳይ» ስለላኩልኝ። መሐንዲሱም ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «አባባ፣ አይስጉ፤ አዲስ ግንብ ትንሽ ያልበዋል» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ይህን ባለማወቄ አፈርሁ።

ሁለተኛ፣ ላቡ እስከ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ስለዘለቀ። ባለቤቴን ሳል ያዛት፤ ሐኪሙም ከእርጥበት ትራቅ ስላለ ልጃችን መጥታ ወሰደቻት። ባለቤቴ ስትወጣ በር ላይ ቆማ፣ «እስኪጠግኑት ነው፤ ምግብህን ሳትበላ እንዳትውል» አለችኝ። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነ።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ወር በጠራራ ፀሐይ ግንቡ ተደርምሶ ውኃው ማድ ቤቴን ይዞት ሲሄድ፣ ወደ ላይኛው የውኃ መዝጊያ ሮጥሁ። ጥበቃው፣ «ጋሼ፣ ያለ ደብዳቤ እንዳትነካ ተብያለሁ» አለኝ። ቁልቁል ጎርፉን አየና፣ «በቃ፣ ያባሩኝ!» ብሎ መዘወሪያውን አብሮኝ አዞረ። በማግሥቱ ቃሉን ስለፈጸሙለት አድናቆቴ ወሰን የለውም። ከሰዓት በኋላ ጎራ እያለ የሚያጫውተኝ ሰው እርሱ ብቻ ነበር።

የሚቀጥለውን ግን ከምስጋናዬ ቆጥሬ «አራተኛ» ልለው አልቻልሁም። ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ጸሐፊዋ የስጋት መዝገቡን አሳየችኝ። በግንቡ አንጻር «መካከለኛ» የሚለው ተሰርዞ «ዝቅተኛ» ተብሏል፤ ምክንያቱም «ከግርጌው ከሚኖሩት ሁለት ሰዎች አንዷ አካባቢውን ስለለቀቁ» ነው። «ታዲያ ጥገናው?» አልኋት። አቀርቅራ፣ «ለዝቅተኛ ስጋት አይፈቀድም፣ አባባ» አለችኝ።

ስለዚህ ባለቤቴ ግንቡ እስኪጠገን ሄደች፤ ግንቡም እርሷ በመሄዷ ሳይጠገን ቀረ። ይህን አልነገርኋትም። በስልክ፣ «ደረቀ?» ስትለኝ፣ «እየደረቀ ነው» እላታለሁ። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ፣ ድምፅ እንዲኖር ሬዲዮ እከፍታለሁ።

ግንቡ እንዲጠገን፣ ጥበቃውም ወደ ሥራው እንዲመለስ በትሕትና እየጠየቅሁ፣ ስጋት ከደጅዎ እንዲርቅ የምመኝ፣

በመዝገብዎ የቀረሁት አንዱ ነዋሪ

ማስታወሻ፦ ለፕሮጀክቱ ምረቃ የላኩልኝ የጥሪ ካርድ ትናንት ደርሶኛል። «ከነባለቤትዎ እንዲገኙልን» ይላል።